የአንገት ዲስክ ኦፕሬሽን፦ በፊት በኩል፣ በኋላ በኩል ወይስ ሰው ሠራሽ ዲስክ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ የ63 ዓመት ሰው ናቸው። የአንገታቸው ዲስኮች አርጅተው ነርቭ ተጭነዋል፣ ኦፕሬሽን ያስፈልጋቸዋል ተባልን። አንደኛው ሐኪም በፊት በኩል ገብተው አጥንቱን እንደሚያያይዙ ነገሩን፤ ሌላኛው በኋላ በኩል ነው የሚሻለው አሉ። ሰው ሠራሽ ዲስክ የሚባልም አለ ሲሉ ሰማን። የምታውቁ ካላችሁ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ እኅቴ። የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በሚሠራበት ክፍል ፊዚዮቴራፒስት ስለሆንኩ በሦስቱም መንገድ የታከሙ ሰዎችን አገኛለሁ። የቱ ይሻላል ከማለታችሁ በፊት የተጫነው ምን እንደሆነ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ወደ ክንድ የሚወርደው የነርቭ ሥር ነው ወይስ ዋናው ኅብለ ሰረሰር (በአከርካሪው ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ)? ምርጫው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የነርቭ ሥር ከሆነ ሕመሙ ከአንገት ተነሥቶ በትከሻ በኩል ወደ ክንድ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ አውራ ጣት ወይም መሀል ጣት ይደነዝዛል። አብዛኛው ሰው በማስታገሻና በፊዚዮቴራፒ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሻለዋል። ክንዱ እየሰነፈ ካልሄደ ወይም ሕመሙ ከአቅም በላይ ካልሆነ ከ6 እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ይቻላል። አንገቱን ብቻ ለሚያመው ሰውማ የኤምአርአይ ውጤቱ ምንም ያህል ቢያስፈራ ኦፕሬሽን አልመክርም፤ ያረጀ ዲስክ ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይም በብዛት ይታያል።

ኅብለ ሰረሰር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሕመም ጨርሶ ላይኖር ይችላል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታል፣ የእጅ ጽሕፈት ይበላሻል፣ አረማመድ ይንገዳገዳል፣ ሽንት ያጣድፋል። እቤት ይህን ሞክሩ፦ አባትሽ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው በ10 ሰከንድ ውስጥ የቻሉትን ያህል ይጨብጡ፣ ይዘርጉ። ጤነኛ እጅ 20 ጊዜና ከዚያ በላይ ይሠራል። ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ይዘገያል፤ ጣቶቹን ሊዘረጋ ሲሞክር ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ የእጅ አንጓውም አብሮ ይታጠፋል። ይህ ብቻውን ምርመራ አይሆንም፤ ቁጥሩን ግን ጽፋችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ጉዳቱ መካከለኛ ወይም ከባድ ሲሆን ኦፕሬሽን ይመክራል፤ ቀላል ሲሆን ኦፕሬሽን ወይም ጥብቅ ክትትል ያለበት ማገገሚያ አማራጭ ነው። የኦፕሬሽኑ ዋና ዓላማ ጉዳቱ እንዳይቀጥል ማቆም ነው። ብዙዎች የተወሰነ ለውጥ ያገኛሉ፤ የቆየ ጉዳት ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ስለሚችል አታዘግዩ።

አሁን ወደ ምርጫው። ጫናው ከፊት ሆኖ አንድ ወይም ሁለት ዲስክ ላይ ብቻ ከሆነ እኔ የምጠቁመው በፊት በኩል ገብቶ ዲስኩን አውጥቶ አጥንቱን ማያያዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ስለሆነ ጥቅሙም ጉዳቱም በደንብ ይታወቃል። የክንድ ሕመም ብዙ ጊዜ ቶሎ ይለቃል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መዋጥ ይቸግራል፣ አንዳንዱም ድምፁ ይጎረንናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። አንገቱ ፊት ለፊት ካበጠና መተንፈስ ከከበደ ግን ደቂቃ ሳትጠብቁ ሐኪም ጥሩ፤ ደም ተጠራቅሞ የአየር ቧንቧውን ሊዘጋ ይችላል። ሌላው ጉዳይ ከተያያዘው አጥንት በላይና በታች ያለው ዲስክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የታወቀ ጥናት በ10 ዓመት ውስጥ ከአራት ሰው አንዱ እዚያ አካባቢ አዲስ ምልክት ሊያመጣ እንደሚችል ገምቷል።

በዲስኩ ቦታ የሚገባው ነገር ፕላስቲክ ይሁን ቲታኒየም ብላችሁ አትጨነቁ። አባትሽ የሚያጨሱ ከሆነ ማቆማቸው ከየትኛውም ብራንድ ይበልጣል፤ ሲጋራ አጥንቱ እንዳይያያዝ ያደርጋል።

ሰው ሠራሽ ዲስክ ጥሩ ነገር ነው፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ለአንገት የመጀመሪያውን ፈቅዷል። አንገቱ እንቅስቃሴውን አያጣም። የሚስማማው ግን የኋላ መጋጠሚያዎቹ ላላረጁ፣ አጥንታቸው ላልሳሳ፣ አከርካሪያቸው ላልላላ ሰዎች ነው። በ63 ዓመት ይህን የሚያሟላ ሰው ቢኖርም ብዙ አይደለም። አዲስ ስለሆነ ብቻ አትምረጡት።

በኋላ በኩል የሚሠራው ደግሞ ጫናው ሦስትና ከዚያ በላይ ቦታ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ የዳበረው ዘዴ የአከርካሪውን የኋላ አጥንት በአንድ ጎን ቆርጦ እንደ በር ይከፍተዋል፤ ኅብለ ሰረሰሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ቦታ ያገኛል። አንገቱ ወደ ፊት የጎበጠ ከሆነ ግን ሊሸሽ አይችልም፤ ያን ጊዜ በፊት በኩል መግባት ወይም አጥንቱን አንሥቶ በብሎን ማሰር ይታሰባል። ከኦፕሬሽኑ በኋላ የጡንቻ ሕመም ይበረታል፤ ከ100 ሰው አምስት ያህሉም ክንዳቸውን ወደ ላይ ማንሣት ያቅታቸዋል፣ አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ይመለስላቸዋል። የነርቭ ሥር በአንድ ወገን ብቻ ሲጫን ደግሞ በኋላ በኩል ቀዳዳውን ማስፋት ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ሁለቱ ሐኪሞች መለያየታቸው አያስደንግጣችሁ። ኅብለ ሰረሰራቸው የተጫነ 163 ሰዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ በፊትና በኋላ በኩል በታከሙት መካከል የጎላ የኑሮ ጥራት ልዩነት አላገኘም፤ ተጓዳኝ ችግሩ ግን በፊት በኩል በዛ፣ በተለይም የመዋጥ ችግር።

ጥያቄ፦ እናመሰግናለን። ሐኪሙን ጠየቅን፤ ኅብለ ሰረሰሩ ነው፣ አራት ቦታ፣ አንገታቸው ግን አልጎበጠም አሉን። እጃቸውን 12 ጊዜ ነው የጨበጡት።

መልስ፦ እንግዲያው በኋላ በኩል ያሉት ሐኪም ሐሳብ ያመዝንብኛል፤ በሩን የሚከፍተውን ዘዴ ይሠሩ እንደሆነና በዓመት ስንት እንደሚሠሩ ጠይቁ። ኮላር (የአንገት መደገፊያ) ካዘዙ ለስንት ቀን እንደሆነ አስጽፉ፤ ብዙ ከቆየ የአንገት ጡንቻን ያሰንፋል። 12 ጊዜ ትንሽ ነው፤ ቀጠሮውን አታራዝሙት። እስከዚያ ድረስ መውደቅ ትልቁ አደጋቸው ስለሆነ ሌሊት ለሽንት ሲነሡ መብራት ይኑር፣ ደረጃ ላይም ብቻቸውን አትተዋቸው።