የ1 ሚሊሜትር ሪዚስተር ሙቀት በምን ይለካል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከ12 ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ቦርድ ላይ አንዲት 0402 ሪዚስተር (1 በ0.5 ሚሊሜትር) እና አጠገቧ ሶት-23 ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ባለሦስት እግር ትንሽ ትራንዚስተር) አለ። ጭነቱ 2 አምፔር ነው። ሳይነካ የሚለካው ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር 38 ዲግሪ ይላል፣ ከመልቲሜትሩ ጋር የመጣው ቴርሞካፕል (ጫፋቸው የተበየደ ሁለት ሽቦ የሆነ ሙቀት መለኪያ) ደግሞ 61። ጣት ግን ለሰከንድ አያስችልም። የትኛውን ልመን?

ሽቦ 40፦ ሁለቱንም ተው። ኢንፍራሬዱ የርቀቱና የእይታ ስፋቱ ሬሾ 12:1 ከሆነ ከ12 ሴንቲሜትር ላይ 1 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው የሚያየው፤ ያነበበልህ የቦርዱን ሙቀት ነው። የመልቲሜትሩ ሽቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል። እንዲህ ያለው ሽቦ ከሪዚስተሯ ላይ ሙቀት እየጠጣ ያቀዘቅዛታል። 36 ጌጅ ሽቦ (0.127 ሚሊሜትር፤ የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል) ብትይዝ ሙቀት የሚሸሽበት ስፋት 16 ጊዜ ያንሳል። ለ0402 ግን 40 ጌጅ ይሻላል፣ ኬ ዓይነት ይሁን (ፊደሉ የሽቦዎቹን ብረት ይነግራል)። የቲ ዓይነቱ አንዱ ሽቦ መዳብ ስለሆነ ሙቀት ያሸሻል።

አለጣጠፉ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ኃይሉን አጥፋ፣ ኳሷን (ሁለቱ ሽቦዎች የተበየዱበትን ጫፍ) ሪዚስተሯ አናት ላይ አስቀምጥና በስቴኪኒ ጫፍ የነካካህ ያህል ሱፐር ግሉ አድርግ። ጠብታው ከሪዚስተሯ ከበለጠ እሱም ማቀዝቀዣ ይሆናል። ሽቦውን ወዲያው ወደ ላይ አታንሳው፤ መጀመሪያ 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ቦርዱን ተጠግቶ ይሂድ፣ እዚያ ላይ በካፕቶን (ሙቀት በሚቋቋም) ቴፕ ያዘው። ሽቦው ራሱ ሞቅ ካለ ከኳሷ የሚነጥቀው ይቀንሳል። ኳሷን በካፕቶን ብቻ መያዝ አይበቃም፤ ሲሞቅ ማጣበቂያው ይለሰልስና ኳሷ ብድግ ትላለች።

ኤልሳ፦ ሞስፌቱ ላይ ተጠንቀቅ። የሙጫ ስስ ሽፋን ኤሌክትሪክ ይከለክላል ብለህ አትተማመን። በባትሪ የሚሠራ መልቲሜትር ችግር የለውም፣ ግን ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ መቅጃ ካለህ በቴርሞካፕሉ በኩል ሾርት ልታደርግ ትችላለህ። ንባቡ ጭነት ስትጨምር ድንገት ከዘለለም ሙቀት ሳይሆን የስዊቺንግ ኖይዝ (ሞስፌቱ ሲበራና ሲጠፋ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ) ነው፤ የኬ ዓይነት በአንድ ዲግሪ 41 ማይክሮቮልት ብቻ ነው የሚሰጠው።

የሞስፌቱን የውስጥ ሙቀት ለማስላት ዳታሺቱ (የአምራቹ መረጃ ወረቀት) ላይ ያለውን ፕሳይ-ጄቲ (በአንድ ዋት ውስጡ ከአናቱ በስንት ዲግሪ እንደሚበልጥ) በሚያባክነው ዋት አባዝተህ ከአናቱ ሙቀት ጋር ደምረው። ሙቀቱ ሁሉ በአናቱ ይወጣል ብሎ የሚያሰላውን ቴታ-ጄሲን ከተጠቀምክ የተጋነነ ቁጥር ታገኛለህ፤ አብዛኛው ሙቀት በእግሮቹ ወደ ቦርዱ እንጂ በአናቱ አይወጣም።

ባለካሜራው፦ ቴርማል ካሜራም ያታልላል። 256 ፒክስልና 56 ዲግሪ እይታ ያለው ካሜራ በ10 ሴንቲሜትር ርቀት አንድ ፒክስሉ 0.4 ሚሊሜትር ይሸፍናል። ሪዚስተርህ ሁለት ፒክስል ያህል ትሆናለች፣ ለታመነ ንባብ ግን ቢያንስ 3 በ3 ያስፈልጋል። የዚንክ ሰሌናይድ ማክሮ ሌንስ ጨምር፤ ተራ ብርጭቆ ይህን ሞገድ አያሳልፍም። የሚያብረቀርቁት የሶልደር ጫፎች ኢሚሲቪቲያቸው (ሙቀት በጨረር የመልቀቅ አቅማቸው) ዝቅተኛ ስለሆነ የራስህን ፊት ያንጸባርቃሉ፣ ስለዚህ ጥቁሩን አካል አንብብ።

ጠያቂ፦ 40 ጌጁን ለጠፍኩ፣ 74 ይላል። ይበቃል?

ሽቦ 40፦ ያንኑ ዓይነት ሁለተኛ ሽቦ ከጎኑ ለጥፍ፤ እሱም የመጀመሪያውን ያህል ሙቀት ይነጥቃል። ክፍሉ 25 ሆኖ ንባቡ ወደ 70 ከወረደ የመጀመሪያውም ከ4 ዲግሪ ትንሽ በላይ ነጥቆ ነበር፤ እውነተኛው 78 ወይም 79 ነው። ንባቡ ካልተነቃነቀ 74ቱን ያዝ። እስኪረጋ 20 ደቂቃ ጠብቅ፣ የክፍሉንም ሙቀት አብረህ ጻፍ። የምትሠራው አዲስ አበባ ከሆነ አየሩ ከባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ የማቀዝቀዝ አቅሙም ስለሚቀንስ ያው ቦርድ ከአካባቢው ሙቀት በላይ የሚጨምረው ታች ቆላ ሆኖ ከሚጨምረው ትንሽ ይበልጣል።