ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ዓመተ ዓለም 7518፣ እንዴት ነው የምታስታርቁት?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባዮሎጂ ነው የማጠናው፣ ሰንበት ት/ቤት ነው ያደግኩት። ከክላስ ልጆች ጋር ብሔራዊ ሙዚየም ገብተን ድንቅነሽ ጋ ስንደርስ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይላል፣ እኛ ደግሞ ከዓለም መፈጠር እስከ ክርስቶስ ልደት 5500፣ ሲደመር 2018 ብለን ዓመተ ዓለም 7518 ነው የምንቆጥረው፣ አንዱ "እና የቱን ነው የምታምኚው?" ሲለኝ ዝም አልኩ። ሁለቱንም መልቀቅ አልፈልግም። እናንተስ?

ቢቂላው፦
ምን አስጨነቀሽ፣ ሳይንስ ዛሬ ያለውን ነገ ይሽረዋል። የዝንጀሮ አጥንት ነው በቃ።

ድንጋይ ቆጣሪ፦
ኧረ ቀስ ቢቂላው 😄 ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት። ቁጥሩ እኮ ከአጥንቷ አይደለም የወጣው፣ ሀዳር ላይ እሷ ከተገኘችበት ንብርብር አጠገብ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ድንጋዩ ቀልጦ እያለ አርጎን ጋዙ ያመልጣል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ውስጡ ያለው ፖታሲየም በጣም በዝግታ ወደ አርጎን ሲቀየር እዛው ይታሰራል፣ የተጠራቀመውን ለክተው ነው ዕድሜውን የሚያወጡት። ዝንጀሮም አይደለችም፣ ዳሌዋና ጉልበቷ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ያሳያል። ስለ ነፍስ ግን አመዱ ምንም አይነግርሽም፣ ለዛ እኔም ቤተክርስቲያን ነው የምሄደው።

የደብሩ ልጅ፦
እህቴ፣ 7518 ለምን ሥራ እንደሚውል እይው። ለ4 ስታካፍዪው 2 ይተርፋል፣ ዘመነ ማርቆስ። በ19 ብትገድፊው (አካፍለሽ ትርፉን ብትወስጂ) 13፣ አንዱን ለዘመኑ ትተሽ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12፣ በ11 አባዝተሽ በ30 ስትገድፊው አበቅቴ (የጨረቃ ትርፍ ቀን) 12፣ እሱን ከ30 ስትቀንሺው መጥቅዕ (በዓል ማውጫው ቁጥር) 18፣ ከዛ ተነስተሽ የነነዌ ጾም ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይወጣልሻል። 19ኙም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ ጨረቃና ፀሐይ በ19 ዓመት በ235 ወር ነው መልሰው የሚገናኙት፣ ሰማይ አይተው ነው የቆጠሩት። እንደኔ ቁጥሩ የጾምና የበዓል ማውጫ ነው፣ የድንጋይ ዕድሜ መለኪያ አይደለም። እንደ ቃሉ የሚወስዱት መምህራን ግን ብዙ ናቸው፣ እሱን አልደብቅሽም።

ጠያቂዋ፦
የአመዱን ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም እግዜር ይስጥልኝ። የደብሩ ልጅ፣ እሺ ቁጥሩን ተውነው፣ አዳምንስ የት ጋ ነው የምታስቀምጠው?

ቢቂላው፦
እሱን ነው እኔም የምጠብቀው 😂