ዲቁና ለ10 ዓመት ልጅ፦ ይሰጥ ወይስ ይቆይ?

አስተባባሪ፦
የዚህ ሳምንት ርእስ ይኸው። በድሬም በሐረርም ዙሪያ ባሉ አንዳንድ አጥቢያዎች የክረምቱ የአብነት ትምህርት ሲያበቃ ከ9 እስከ 13 ዓመት የሆናቸው ልጆች ስም ተሰብስቦ ለዲቁና ወደ ሀገረ ስብከት ይላካል። «ልጅ በንጽሕናው ሳለ ይሾም» የሚሉ አሉ፤ «ያልገባውን ቃል አታስገቡት» የሚሉም አሉ። ደብር በስም አይጠራ፣ የሰው ስምም አይነሣ። ግቡበት።

ዘከዚራ፦
እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥10 ዲያቆናት አስቀድመው ይፈተኑ ይላል። ሁለት ቁጥር ዝቅ ስትሉ ደግሞ የአንዲት ሚስት ባል፣ ልጆቹንና ቤቱን በሚገባ የሚያስተዳድር ይሁን ይላል። ይህ ስለ 10 ዓመት ልጅ ተጻፈ የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ። በብሉይም ሌዋዊ ወደ አገልግሎት የሚገባው ከ25 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ዘኁልቍ 8፥24። የሐዲስ ቂሳርያ ጉባኤ ቄስ ከ30 ዓመት በፊት አይሾም ያለው ጌታ በ30 ዓመቱ ተጠምቆ ማስተማር ጀመረ ብሎ ነው። ሐዋርያት የመረጧቸው ሰባቱ ዲያቆናት የመበለቶችን ማዕድ እንዲያስተዳድሩ ነበር። እስጢፋኖስም ከሸንጎ ፊት ቆሞ የተከራከረ ሰው ነው።

መሪጌታ ዘሐረር፦
ወንድሜ ዘከዚራ፣ ጥቅሱን አልክድም። ግን ሳሙኤል መቅደስ ውስጥ ሲያገለግል ብላቴና ነበር፤ ኤርምያስም ሕፃን ነኝ ሲል «አትበል» ነው የተባለው። ደግሞ ቤታችን ውስጥ ያለው ዲያቆን የሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ያለው መጋቢ ብቻ አይደለም። ሥራው ምን እንደሆነ ሳንዘረዝር ስለ ዕድሜ ብንከራከር በባዶ ነው።

ለቅዳሴ ቢያንስ 5 ልዑካን (ቀዳሾች) ይቆማሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ገባሬ ሠናዩ፣ ማለትም ዋናው ዲያቆን የጳውሎስን መልእክት ያነብባል፣ ንፍቁ፣ ማለትም ረዳቱ ዲያቆን የጴጥሮስን፣ የዮሐንስን፣ የያዕቆብን ወይም የይሁዳን። ንፍቁ ቄስ ግብረ ሐዋርያትን፣ ገባሬ ሠናዩ ቄስ ወንጌልን። ሦስተኛው ዲያቆን መብራት ይይዛል። ሲቆረብ ሥጋውን ቄሱ፣ ደሙን ገባሬ ሠናዩ ዲያቆን በዕርፈ መስቀል፣ በማንኪያው፣ ያቀብላል። ከዚያ በፊት ኅብስቱና ወይኑ በሚዘጋጅበት ቤተ ልሔም ያለው ሥራ አለ፤ ንጹሕ የስንዴ ዱቄት ተነፍቶ በእርሾ ይቦካል፣ 13ቱ መስቀል ይቀረጽበታል፣ በዕለቱ ይጋገራል። ዘቢቡ ታጥቦ ይዘፈዘፍና ይጨመቃል። ከዚያ በመሶበ ወርቅ ወደ መቅደስ ይገባል።

ከእነዚህ ውስጥ ልጅ የሚችለው አለ፣ የማይችለው አለ። መብራት መያዝ ይችላል፤ ድምፁም ከማንኛችንም የተሻለ ነው። ጽዋውን ይዞ ለመቶ ሰው በማንኪያ ማቀበል ግን አይችልም፤ ክንዱ ይዝላል፣ ጽዋው ያዘነብላል። ስለዚህ «ይሾም አይሾም» ብቻ ሳይሆን «ተሹሞ የት ይቁም» ብላችሁም ጠይቁ።

ቀሲስ ከገጠር፦
መሪጌታ እግዚአብሔር ይስጥልን። የከተማ ሰው 25 ዓመት ሲል ይቀለዋል። ከጋራው ወዲያ ባለ ደብር ሁለት ቄስ አለ እንበል። ዲያቆኖቹ 11፣ 12 እና 14 ዓመት ናቸው። የ11 ዓመቱን አውጡት ካላችሁ 4 ሰው ቀረ፤ በ4 ሰው አይቀደስም። የዚያን እሑድ ሕዝቡ ኪዳን የሚባለውን የጠዋት ጸሎት ብቻ አድርሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የሚቆርብ ሕፃን ሳይቆርብ ይውላል። በክርክር ላይ ይህን አትርሱ።

የአፈተኢሳ ልጅ፦
አቦ አባ፣ ችግሩን ተረድቻለሁ፤ ግን ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ይታወቅ። የቀኖና ጉዳይ አይደለም፣ የጳጳስ እጥረት የወለደው ነው። እስከ 1921 ዓ.ም. ድረስ ጳጳስ ከግብፅ ነበር የሚላክልን፣ አብዛኛውን ዘመን አንድ ብቻ። አንዱ ሲያርፍ ሌላው እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ። በ1520ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር እዚህ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የዘመኑ ጳጳስ አቡነ ማርቆስ ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲሾሙ፣ በእናታቸው ክንድ ላይ ያሉ ሕፃናት ሳይቀሩ ዲቁና ሲቀበሉ አይቶ ጽፏል። ለምን ብሎ ሲጠይቅ ጳጳሱ አርጅተዋል፣ ሌላ መቼ እንደምናገኝ አናውቅም ነው ያሉት። ለዚያ ዘመን ትክክለኛ ብልሃት ነው፤ እኔም ብሆን አደርገው ነበር።

ግን በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ተሾሙ፣ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፣ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ። ዛሬ ድሬዳዋ ራሷ ሀገረ ስብከት ናት። ጳጳስ ፍለጋ ወራት በበቅሎ የሚሄድ የለም። ምክንያቱ ቀርቶ ልማዱ ብቻውን ቆሟል።

ቀሲስ ከገጠር፦
ልጄ፣ ጳጳሱ ቀረቡ፤ ዲያቆኑ ግን ራቀ። ድሮ ከጎጃምና ከጎንደር የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ዛሬ አዲስ አበባን አልፎ እኛ ጋ አይደርስም።

የሳቢያን እናት፦
አባቶች ይፍቱኝ፣ እናት ሆኜ ልጠይቅ። ለቀዳሽ 18 ሰዓት ጾም አለ አይደል? እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ልጅ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ውኃ አይቀምስም ማለት ነው። ያውም ድሬዳዋ፣ ያውም ግንቦትና ሰኔ፤ ሌሊቱም ሙቀት በሆነበት። ልጅ መቅደስ ውስጥ ከዕጣኑና ከጧፉ ጋር ሲቆም ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። በጾሙ ወራት ደግሞ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ትምህርቱ ይቀርበታል። ይህን ማን ያስባል? ልጁ «ደከመኝ» አይልም፤ ያፍራል።

መሪጌታ ዘሐረር፦
እኅቴ ትክክል ነሽ፤ ተራ ባለማውጣት የሚመጣ ጥፋት ነው። ዕድሜው ለጋ የሆነ ዲያቆን በየሳምንቱ አይቀድስም። አራት ልጅ ያለው ደብር በወር አንድ አንድ እሑድ ያደርሰዋል። የከሰዓት ተማሪ በሥራ ቀን ቅዳሴ አይመደብም። የታመመ፣ ያልጾመ ልጅ «ዛሬ አልችልም» ብሎ ለንፍቁ ቄስ እንዲናገር አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ካልተነገረው ሳይጾም ይገባል፤ ይህ ደግሞ ከድካሙ የከፋ ነው።

ስለ ሙቀቱ ካነሣሽ አይቀር፣ በድሬ የመሥዋዕቱ ሊጥ እንደ ሐረር አይደለም። ሐረር ማታ አቡክተሽ ብታሳድሪው ደርሶ ታገኚዋለሽ፤ ድሬ ግን በዚያው ሰዓት ያቦካው ልጅ ሌሊቱን ሊጡ አልፎ ይኮመጥጥበታል፣ ኅብስቱም ሲጋገር ይሰነጠቃል። እርሾውን መቀነስ ወይም ዘግይቶ ማቡካት ያስፈልጋል። ዘቢቡም ቶሎ ይፈላል። ይህን የሚያውቅ ታላቅ ዲያቆን አጠገቡ ከሌለ ልጅ ብቻውን ቤተ ልሔም አይተውም።

ጠበቃው፦
አንድ ነገር ከጎን ላንሣ። ልጁ በነጻ የሚያገለግል ከሆነ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው። ግን አንዳንድ ደብር በወር ደመወዝ ይከፍለዋል፣ በመዝገብ ያስፈርመዋል። ያን ጊዜ ጥያቄው ይለወጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቅድም። ሰዓታትና ማኅሌት የሚቆመው ደግሞ ሌሊት ነው። የሃይማኖት ድርጅቶችን በተመለከተ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁ እንዳይመለከታቸው በደንብ ሊወስን እንደሚችል ያው አዋጅ ይላል፤ ስለዚህ ሁሉም ተዘግቷል አልልም። ለልጆች ግን ደመወዝ ከሚባል የትምህርት ቁሳቁስና ልብስ መስጠቱ ይሻላል፤ ፊርማውም በወላጅ ይሁን።

ዘከዚራ፦
ከሙቀቱም ከደመወዙም በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ሁላችሁም እየዞራችሁት ነው። ዲያቆን ድንግልናውን ጠብቆ በተክሊል ማግባት አለበት፤ ቅስና የሚቀበለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወይም ይመነኩሳል። ከተሾመ ወዲህ በዝሙት ከወደቀ ክህነቱ ይፈርሳል፣ ንስሐ ይገባል እንጂ ዲቁናው አይመለስለትም። ይህን የምታስገቡት ጉርምስናው ገና ያልመጣ ልጅ ላይ ነው። በ10 ዓመቱ «እሺ» ያለው ነገር ምን እንደሆነ የሚገባው በ16 ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ በግልጽ ተናግሮ በሰፈሩ «ዲቁናውን ያፈረሰ» ተብሎ ይጠቆማል፣ ወይ ዝም ብሎ መቅደስ መግባቱን ይቀጥላል። ሁለተኛው ቢበዛ ማን ይገረማል? 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥22 «በማንም ላይ ፈጥነህ እጅህን አትጫን» ካለ በኋላ «በሌላው ኃጢአት አትተባበር» ማለቱ ለዚህ ይመስለኛል።

መሪጌታ ዘሐረር፦
ይህ ከባድ ነው፤ ቀላል መልስ የለኝም። የሌላውን ጎን ግን ተመልከት። 25 ይሙላው ብትል በድሬዳዋ ከተማ ዳዊት የደገመ፣ ውዳሴ ማርያም በዜማ የሚያውቅ፣ ግብረ ዲቁና (የዲያቆኑን የቅዳሴ ድርሻ) ያጠና፣ ያላገባ፣ ድንግል የሆነ የ25 ዓመት ጎልማሳ ስንት ታገኛለህ? ዜማ በልጅነት ካልተያዘ ጆሮ አይቀበለውም። ልጅ መቅደስ እንደሚገባ ተስፋ ካላየ ደግሞ በሁለተኛው ክረምት አብነቱን ይተዋል።

የአፈተኢሳ ልጅ፦
መሪጌታ፣ ተስፋ እንዲያይ ሌሎቹ ማዕረጎች ምን ሆኑ? ከዲቁና በታች አናጉንስጢስ (አንባቢ) አለ፣ መዘምር አለ፣ ኆኅታዊ (በር ጠባቂ) አለ፣ ንፍቀ ዲያቆን (የዲያቆን ረዳት) አለ። በመጽሐፍ አሉን፣ በሥራ ግን ዘለልናቸው፤ ልጁን ከፊደል ገበታ አንሥተን በቀጥታ ዲያቆን እናደርገዋለን። ግብፆች ልጆቻቸውን መዘምርና አናጉንስጢስ አድርገው ይሾማሉ፣ ሙሉ ዲቁና የሚሰጡት ለአዋቂ ነው። ልጁ ነጭ ለብሶ ያነብባል፣ ይዘምራል፤ ቢያድግና ማግባት ቢፈልግ የሚያፈርሰው ነገር የለም።

ዘከዚራ፦
እኔ የምለው ይኸው ነው፤ አሳጠርክልኝ።

መሪጌታ ዘሐረር፦
ሐሳቡ መልካም ነው፤ ችግሩ መቅደሱ ነው። በእኛ ሥርዓት ከመቅደሱ ውጭ ባሉት ክፍሎች፣ በቅኔ ማኅሌትና በቅድስት፣ ምእመንም ይቆማል፤ መቅደስ የሚገባው ቄስና ዲያቆን ነው። አናጉንስጢስ ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ መልእክቱን ሊያነብብ ይችላል፤ ከ5ቱ ልዑካን ግን አይቆጠርም። የአባን ደብር አያድንም።

ስለዚህ እኔ በግሌ ፈተናው ይጥበቅ ባይ ነኝ። አሁን ብዙ ቦታ ልጁ የሚፈተነው ያጠናውን ገጽ ተከፍቶለት ነው። መጽሐፉን ሳያይ በቃሉ ይወርደዋል፤ ፈታኙም «አንባቢ ነው» ብሎ ያልፋል። ያላየውን መልእክት ክፈቱለት። የግእዝ ንባብ ስልቶቹን፣ ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ተጣዩንና ሰያፉን ሳያዛባ ካነበበ አንባቢ ነው። ከመምህሩ ምስክርነት፣ ከሰበካ ጉባኤው ድጋፍ፣ ከንስሐ አባቱ ቃል ጋር ወላጆቹም ቀርበው ስለ ተክሊሉ ግዴታ ይነገራቸውና ይፈርሙ። ልጁም ብቻውን ይጠየቅ፤ አባቱ አጠገቡ ቆሞ «ትፈልጋለህ?» ማለት ጥያቄ አይደለም። እንዲህ ከተደረገ ከ15 ዓመት በታች የሚያልፈው ጥቂት ይሆናል፤ ዕድሜ በደብዳቤ መወሰን ላያስፈልግ ይችላል።

የሳቢያን እናት፦
ብቻውን ይጠየቅ ያሉት ልቤ ገብቷል።

ዘከዚራ፦
ፈተናውን እቀበላለሁ፤ ግን ቁጥር ካልተጻፈ ልማዱ ያሸንፋል፤ ፈታኙም ለጎረቤቱ ልጅ ይራራል። 15 ተብሎ ይጻፍ። ለአባ ደብር ደግሞ ከከተማ ይላክ። እዚህ አንድ ቅዳሴ ላይ 10 ዲያቆን ቆሞ ግማሹ መስቀል ይዞ ብቻ የሚውልበት እሑድ አለ። ሁለት ሁለቱ በተራ ቢወጡ ምን ይጎድለናል? ቄስም ቢሆን ሲቸግር የዲያቆኑን ቦታ ይሸፍናል፤ ዲያቆን የቄሱን አይሸፍንም እንጂ።

ቀሲስ ከገጠር፦
ሦስተኛ ቄስ ቢኖረኝማ ሸፍን እለው ነበር። ዲያቆን መላኩን ግን እቀበላለሁ፤ ዝርዝሩን ንገሩኝ። እሑድ ጠዋት በመኪና ደርሶ መቅደስ መግባት አይቻልም፤ ሊጡና ዘቢቡ የሌሊት ሥራ ነው፣ ሰዓታቱም አለ። ስለዚህ ቅዳሜ ከቀትር በፊት የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ ከመኪናው ወርዶ በእግር የሚሄደውን ሄዶ፣ ከ9 ሰዓት በፊት እህል ቀምሶ መጨረስ አለበት። መሳፈሪያ፣ የዚያን ቀን ምሳ፣ ማደሪያ፣ የሰኞ መመለሻ። ከከተማው ሰበካ ጉባኤ ይውጣ ወይስ ከእኛ ሙዳየ ምጽዋት? የእኛ ለጧፍና ለዕጣን ብቻ ነው የሚበቃው። ይህን የሚወስንልኝ ደብዳቤ ከ15 ዓመቱ ደብዳቤ ጋር አብሮ ከመጣ የ11 ዓመቱን ልጅ እኔ ራሴ ወደ ቅኔ ማኅሌት እመልሰዋለሁ።

ዘከዚራ፦
ወጪው ከከተማው ይሁን እላለሁ አባ። የክረምቱ ስም ዝርዝር ከመላኩ በፊት ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ አቀርበዋለሁ፤ መሪጌታም የፈተናውን ነጥቦች ይጻፉልኝና አብሬ አያይዛለሁ።

መሪጌታ ዘሐረር፦
እጽፋለሁ። 15 የሚለው ላይ ግን አልፈርምም።