ከልክ በላይ የተካበዱና ያልተዘመረላቸው የሮክ ባንዶች፦ የእናንተስ እነማን ናቸው?

ሪፍ ሰብሳቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስንከራከር የከረምንበትን ጉዳይ ላምጣላችሁ። ከልክ በላይ ተካብደዋል የምትሏቸው የሮክ ባንዶች እነማን ናቸው? ያልተዘመረላቸውስ? «እንደየጆሮው ነው» የሚለው መልስ አያረካኝም። ጆሮማ ሁላችንም አለን፣ እኔ የምፈልገው ምክንያታችሁን ነው።

እኔ ልጀምር። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከተካበዱት መጀመሪያ የምጠራው ዘ ዶርስን ነው። ብዙ ሰው እንደሚቆጣ አውቃለሁ። ጂም ሞሪሰን በ27 ዓመቱ ፓሪስ ላይ ባይሞት ኖሮ ዛሬ እንዲህ እናወራላቸው ነበር? አይመስለኝም። በ1967 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ድንቅ ነው፣ አልክድም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ ግን ሁለት ሦስት ዘፈን ሰምቼ እጄ ወደ ማለፊያው ይሄዳል። ፎቶው፣ ግጥሙ፣ አሟሟቱ ተደራርቦ ሙዚቃውን ከልኩ በላይ አግዝፎታል።

ሁለተኛው ኢግልስ ነው። ከ1971 እስከ 1975 የሠሯቸውን ምርጥ ዘፈኖች የያዘው ስብስብ አሜሪካ ውስጥ በ2018 የ38 ጊዜ ፕላቲነም ዕውቅና አግኝቷል። ድምፃቸውን ሲገጥሙ እንደነሱ የሚያምርለት ባንድ ጥቂት ነው። ግን ሁሉ ነገር ተሞርዶ ተሞርዶ አንድም ሻካራ ጠርዝ አልቀረለትም። ሮክ ስሰማ ቢያንስ አንዴ ደንገጥ ማለት እፈልጋለሁ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ኪንክስ! ከቢትልስና ከሮሊንግ ስቶንስ ቀጥሎ ስማቸው ይጠራና ወዲያው ይታለፋሉ፣ ይሄ ያናድደኛል። ጊታሪስቱ ዴቭ ዴቪስ ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር። አንዲት ትንሽ አረንጓዴ አምፕሊፋየር ነበረችው፣ ድምፅዋ አልጣመውም። ምላጭ አንስቶ የስፒከሯን ወረቀት ሸረከተው። በ1964 በወጣው «ዩ ሪሊ ጋት ሚ» ላይ የምንሰማው ያ የሚንኮሻኮሽ የጊታር ድምፅ የተቀደደው ወረቀት ሲንቀጠቀጥ የሚያወጣው ነው። ዛሬ ጊታሪስቶች ፔዳል ረግጠው የሚያመጡትን ልጁ በምላጭ አመጣው። የዘፈኑን ሶሎ የተጫወተው በኋላ በሌድ ዘፔሊን የገነነው ጊታሪስት ጂሚ ፔጅ ነው የሚል ወሬ ለዓመታት ሲናፈስ ኖሯል፣ ፔጅ ራሱ ግን እኔ አይደለሁም ብሏል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ባንድ ለምን ወደ ኋላ ቀረ? ከ1965 እስከ 1969 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ኮንሰርት እንዳያቀርቡ ታግደው ነበር። የእንግሊዝ ባንዶች አሜሪካን በወረሩባቸው በእነዚያ ዓመታት እነሱ አገራቸው ተቀመጡ። የዴቭ ወንድም፣ የባንዱ ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ሬይ ዴቪስ በዚህ ጊዜ ነው ስለ እንግሊዝ መንደር፣ ስለ ድሮ ፎቶ፣ ስለ ተራ ሰዎች መጻፍ የጀመረው። ከሁሉም የምወደው አልበማቸው የወጣው ኖቬምበር 22 ቀን 1968 ነው። በዚያው ቀን የቢትልስ ነጩ አልበም ወጣ። የኪንክስን ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ቲን ሊዚንም ልጨምር። ሰው የ1976ቷን አንዲት ዘፈናቸውን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እሷም ባንዱን ሸፈነችው። ፊል ሊኖት ደብሊን ያደገ ጥቁር አየርላንዳዊ ነው፣ ቤዝ እየተጫወተ ይዘፍናል፣ ሲዘፍን ደግሞ ቤት ቁጭ ብሎ ታሪክ የሚያወጋህ ነው የሚመስለው። ከጎኑ ስኮት ጎርሃምና ብራያን ሮበርትሰን ጊታራቸውን እንደ ሁለት ዘፋኝ ያዜሙበታል፤ አንዱ ዜማውን ይዞ ሲሄድ ሌላው ከፍ ብሎ ይከተለዋል። አይረን ሜይደን ላይ የምትወዱት ጥንድ ጊታር መንገዱን የጠረጉለት እነሱ ናቸው።

ነገሩን ሳስበው ባንድ የሚካበደውም የሚረሳውም ብዙ ጊዜ ከሙዚቃው ውጭ ባለ ነገር ነው። ሞት፣ እገዳ፣ የወጣበት ቀን። እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ?

ኪቦርዲስቷ

ወንድሜ፣ ስለ ኢግልስ አልከራከርህም። ስለ ዶርስ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። አንተ የሰማኸው ሞሪሰንን ነው፣ ባንዱን አልሰማኸውም።

ዶርስ መድረክ ላይ ቤዝ ተጫዋች አልነበራቸውም። ሬይ ማንዛሬክ በቀኝ እጁ ኦርጋን፣ በግራ እጁ ደግሞ የቤዝ ድምፅ የምታወጣ ትንሽ የፌንደር ኪቦርድ ይጫወት ነበር። እኔ ኪቦርድ ስለምጫወት ይሄን ነገር ለወራት ሞክሬዋለሁ። ግራ እጅ ዘፈኑ እስኪያልቅ ያንኑ መስመር ሳያዛንፍ መድገም አለበት፤ ቀኙ ደግሞ ግራው የሚያደርገውን እንዳላወቀ ሆኖ በነፃነት መንሸራሸር አለበት። ሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ ቀኝ እጄ ሞቅ ብሎት ፈጠን ሲል ግራዬ አብሮት ይፈጥናል፣ ከዚያ ሁሉም ይፈርሳል። ማንዛሬክ ኮንሰርቱን ሙሉ እንዲህ ይጫወት ነበር። ስቱዲዮ ሲገቡ ብዙ ጊዜ ቤዝ ተጫዋች ይጨምሩ እንደነበር አውቃለሁ፣ መድረክ ላይ ግን ያቺ ግራ እጅ ነበረች።

ሌላው ደግሞ፣ በጣም ዝነኛ ያደረጋቸውን «ላይት ማይ ፋየር»ን በአብዛኛው የጻፈው ሞሪሰን አይደለም። ጊታሪስቱ ሮቢ ክሪገር ነው። ፍላሜንኮ ተምሮ ስለመጣ ክሩን በጣቱ ነው የሚነካው፣ ለዚህ ነው ድምፁ ከዘመኑ ጊታሪስቶች ሁሉ የሚለየው። ጆን ዴንስሞር ደግሞ የድራም አመታቱን ከጃዝ ነው ያመጣው።

ሞሪሰን ተካብዷል ካልከኝ እስማማለሁ። ሦስቱ ግን አልተዘመረላቸውም። አንድ ባንድ ውስጥ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

አራት በአራት

አንድ ማረሚያ ብቻ። ጥንድ ጊታሩን ዊሽቦን አሽ ከቲን ሊዚ ቀደም ብለው ይጫወቱት ነበር፣ የ1970ውን አልበማቸውን ስሙት። ቲን ሊዚ አጠሩት፣ አሳመሩት፣ ሰው እንዲያንጎራጉረው አደረጉት።

የእኔ ምርጫ ኤሲ/ዲሲ ነው። ይሄን ያህል ሸጠው እንዴት ያልተዘመረላቸው ይሆናሉ ትሉኛላችሁ። ሰው የሚያወራው ስለ ጊታሪስቱ ስለ አንገስ የተማሪ ዩኒፎርምና ስለ ጩኸቱ ነው። ከኋላ የቆመውን ወንድሙን ማልኮምን ማን ያነሳል? ድራመሩን ፊል ራድንስ? «ያንኑ ዘፈን ነው የሚደጋግሙት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የ1980ውን ጥቁር አልበም ክፈቱለትና ራድ ምን እንደተወ እንዲሰማ ንገሩት። መሙላት እየቻለ የማይሞላው ቦታ ብዙ ነው። እኔ ድራም ስማር ከሁሉ የከበደኝ እጄን መያዝ ነበር።

የካሴት ሳጥን

ሁላችሁም ያነሳችኋቸው ባንዶች ቢያንስ ተሰምተዋል። እኔ ጭራሽ በሩ ስለተዘጋባቸው ላውራ።

ዲትሮይት ውስጥ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። ዴቪድ፣ ቦቢና ዳኒስ ሃክኒ። የባንዱን ስም ዴዝ አሉት፣ «ሞት» ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ዴቪድ ነው፣ አባታቸው ከሞተ በኋላ። በ1975 ስቱዲዮ ገብተው ሰባት ዘፈን ቀረጹ። ፈጣን፣ ቁጡ፣ ጥርት ያለ ሙዚቃ ነው። የራሞንስ የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1976 መሆኑን አስቡ፤ እነዚህ ልጆች በኋላ ፓንክ የተባለውን ነገር ከዚያ በፊት እየተጫወቱት ነበር። አንድ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ፈልጓቸው ነበር፣ ግን ስማችሁን ቀይሩ አላቸው። ዴቪድ እምቢ አለ። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ቀረ። በራሳቸው ገንዘብ 500 ሸክላ አሳተሙ፣ ማስተር ቴፑም ተቀመጠ።

ዴቪድ በ2000 በሳንባ ካንሰር ሞተ። ከመሞቱ በፊት ቴፖቹን ለወንድሙ ለቦቢ ሰጥቶ፣ አንድ ቀን ሰው ፈልጓቸው እንደሚመጣ ነግሮት ነበር። በ2009 አልበሙ ወጣ። 34 ዓመት ማለት ነው። የቦቢ ልጆች አባታቸው ይሄን መሥራቱን እንኳ አያውቁም ነበር፣ ከሌላ ሰው ነው የሰሙት። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ፋኒም አለች። በ1970 በትልቅ ኩባንያ ስም ሙሉ አልበም ያወጣች፣ አራቱም አባላቷ ሴቶች የሆኑባት ባንድ ናት። ጊታሩን ጁን ሚሊንግተን፣ ቤዙን እህቷ ጂን ትጫወታለች፤ ሁለቱም ከፊሊፒንስ በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ዴቪድ ቦዊ ከዘመናቸው ምርጥ የሮክ ባንዶች አንዷ ነች፣ ያለ አግባብ ተረስታለች ብሎ መስክሮላታል። ቦዊ የመሰከረላትን ባንድ ዛሬ ከአሥር የሮክ ወዳጅ አንዱ ስሟን የሚያውቅ አይመስለኝም። በዩቲዩብ የድሮ የቴሌቪዥን ዝግጅቶቻቸው አሉ። የጁንን ቀኝ እጅ ተመልከቱ።

ሊቪንግ ከለርንም ረስታችኋል። በ1990 ግራሚ ወስደዋል፣ ከሮሊንግ ስቶንስ ጋር ዞረዋል፣ ሚክ ጃገር ራሱ በመጀመሪያው አልበማቸው ላይ ሁለት ዘፈን ፕሮዲውስ አድርጎላቸዋል። ዛሬ ግን የሚነሱት በአንድ ዘፈን ብቻ ነው። ጊታሪስታቸው ቨርነን ሪድ ከዘመኑ ጊታሪስቶች ከማን ያንሳል?

የጓዳ ጊታር

ኒርቫና ተካብዷል የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ክርክራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ድንገት የሚፈነዳውን አዘፋፈን ፒክሲስ ቀድመው ሠርተውታል ይላሉ። እውነት ነው፣ ሠርተውታል። ግን ይሄን መጀመሪያ የተናገረው የኒርቫናው ዘፋኝ ከርት ኮቤይን ራሱ ነው። በ1994 በወጣ ቃለ ምልልስ ፒክሲስን ለመቅዳት እየሞከረ እንደነበር ሳይደብቅ አምኗል። የፒክሲስን የ1988 አልበም የቀረጸውን ስቲቭ አልቢኒንም ለኒርቫና የ1993 አልበም አስመጥቶታል። ምንጩን እያሳየ የሚሄድን ሰው ሌባ ማለት ይከብደኛል።

እና የእኔ መልስ ኒርቫና አልተካበደም፣ ፒክሲስ ነው ያልተዘመረለት። አንዱን ለማንሳት ሌላውን መጣል ግድ አይደለም።

ዛምሮክ

እስካሁን የተጠሩት ሁሉ የእንግሊዝ፣ የአየርላንድ፣ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ባንዶች ናቸው። አፍሪካ ውስጥ ሮክ አልነበረም እንዴ?

ዛምቢያ በ1970ዎቹ የራሷ ሮክ ነበራት፣ ዛምሮክ ይባላል። ፕሬዚዳንት ካውንዳ ሬድዮ ላይ ከሚሰማው ሙዚቃ 95 በመቶው የአገር ልጆች ሥራ ይሁን ብለው ነበር። ወጣቶቹም በጄምስ ብራውንና በሄንድሪክስ ያደጉበትን ጆሮ ይዘው የራሳቸውን መጫወት ጀመሩ። ከሁሉም የገነነው ዊች ነበር። ድምፃዊው ኢማኑኤል ቻንዳ «ጃጋሪ» ነው የሚባለው፣ ከሚክ ጃገር የመጣ ቅጽል ነው። ጊታሩ ሻካራ ነው፣ ከሥሩ ያለው ምት ግን እንድትቀመጥ አይፈቅድልህም።

ከዚያ የመዳብ ዋጋ ወደቀ፣ ኢኮኖሚው ተናጋ፣ ኤድስ መጣ። ከነባሮቹ የባንዱ አባላት በሕይወት የተረፈው ጃጋሪ ነው ማለት ይቻላል። እሱም የከበረ ድንጋይ ሲቆፍር ኖሮ፣ አልበሞቹ እንደገና ሲታተሙ ተፈልጎ መድረክ ላይ ወጣ። በ2023 በዊች ስም አዲስ አልበም አውጥቷል። ፈረንጅ ጋዜጠኞች «ተገኘ» ብለው ይጽፋሉ። ዛምቢያውያን መቼ ጠፋባቸው?

ሪፍ ሰብሳቢ

ምክንያት ስጡኝ ብዬ ነበር፣ ሰጣችሁኝ። በጣም አመሰግናለሁ።

ኪቦርዲስቷ፣ ዛሬ የዶርስን የመድረክ ቅጂ ከፍቼ ግራ እጁን ብቻ ተከትዬ ሰማሁ። ሞሪሰን ሲጮህ፣ ዝም ሲል፣ ከመስመር ሲወጣ ያቺ ቤዝ ንቅንቅ አላለችም። እሱ እንደፈለገ እንዲሆን የፈቀደችለት እሷ ናት። እንግዲህ «ዶርስ ተካብደዋል» ያልኩትን አንስቻለሁ። «ሞሪሰን ተካብዷል» በሚለው ተተክቷል። ኢግልስ ላይ ግን አቋሜ ያው ነው።

ዴዝን ደግሞ ሁለቴ አከታትዬ ሰማሁት። ሰባቱም ዘፈን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ድራሙ ሲገባ ከተቀመጥኩበት ነው ያስነሳኝ። ደንገጥ ማለት እፈልጋለሁ ብዬ አልነበር? ይሄው።

ፋኒን ነገ እሰማለሁ። ዛምሮክ፣ ከዊች የትኛውን አልበም ላስቀድም?

ዛምሮክ

የ1975ቱን፣ «ሌዚ ቦንስ»ን። ድምፁን ከፍ አድርገህ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምረህ፣ ሳትዘል።