11 ዓመት ያገለገለ ቦይለር፦ ላስጠግነው ወይስ ልቀይረው?

ጥያቄ፦ የአባይ ማዶዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር አባይ ማዶ ነው የምኖረው። ቤታችን ያለው ባለ 80 ሊትር ቦይለር በ2007 ዓ.ም. የተገጠመ ነው። እስከ አምና ድረስ አስቸግሮን አያውቅም። አሁን ግን ውሃው ለብ ከማለት አያልፍም። ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደው ሙቅ ውሃ የሻይ መልክ አለው። ከሥሩም ጠብ ጠብ ይላል፤ ማታ ያስቀመጥኩለት ጣሳ ጠዋት ግማሽ ደርሶ አገኘዋለሁ።

ሁለት ባለሙያ አሳየሁ። አንዱ "ሬዚስታንሱ ነው፣ ልቀይርልሽ" አለኝ፤ ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት ማለቱ ነው። የጠየቀኝ የአዲስ ቦይለር ዋጋ ሲሶ ነው። ሌላው ሳይከፍተው "ይሄ አብቅቶለታል፣ ጣይው" ብሎ ሄደ። እናቴ አብራኝ ናት። ቁርጥማት ስላለባት ጠዋት በሙቅ ውሃ ካልታጠበች ጣቶቿ አይታዘዙላትም። ብዙ ቀን መቆየት አልችልም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የረሳሁት፦ ባለፈው ሳምንት እናቴ ስትታጠብ የሻወሩን ሩቢኔቶ ነክታ "ነዘረኝ" ብላኛለች። እኔ ስነካው ግን ምንም የለም።

መልስ፦ ጡረተኛው ኤሌክትሪሻን

ልጄ፣ ዋጋው ይቆይ። አሁኑኑ ተነሺና የቦይለሩን ብሬከር አጥፊ። መጨረሻ ላይ የጻፍሽው ከሁሉም የሚቀድም ነው። የሬዚስታንሱ ሽፋን ሲሰነጠቅ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ይገባል። የመሬት ሽቦ በትክክል ከታሰረ ወደ መሬት ይወርዳል። ካልታሰረ በሰው ገላ በኩል ያልፋል። አንቺን ያልነዘረሽ ጫማ አድርገሽ፣ ደርቀሽ ስለነካሽው ይሆናል። እናትሽ ግን እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግራቸው ነበሩ። እስኪታይ ድረስ ውሃ በድስት አሙቂላቸው።

አንድ ልጠይቅሽ። ለብ የሚለው ማታ ማታ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ? መብራት ሲደክም ቦይለርም ይደክማል። 1500 ዋት የሚለው በ220 ቮልት ነው። ቮልቱ 180 ሲሆን የሚሰጥሽ 1000 ዋት ገደማ ብቻ ነው። እሱ ከሆነ ሬዚስታንስ ብትቀይሪም ለውጥ የለውም።

የአባይ ማዶዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አጥፍቼዋለሁ። ለብ የሚለው ቀንም ሌሊትም ነው። የመሬት ሽቦ ያሉትንም አየሁ። ከቦይለሩ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ይወጣል፣ ግን ግድግዳው ጋ ሲደርስ ተጠቅልሎ ተትቷል። ከምንም ጋር አልታሰረም። ሳየው ሰውነቴ ቀዘቀዘ። 11 ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የታጠብነው።

መልስ፦ ቧንቧ ሰራተኛ ከሽምብጥ

እህቴ፣ ሁለቱም ባለሙያዎች ቸኩለዋል። ይጠገን ይቀየር የሚለውን የሚወስነው ውሃው የሚወጣበት ቦታ ነው።

ከሴፍቲ ቫልቩ (ትርፍ ግፊት ከሚያስወጣው) ጫፍ፣ ያውም ሲሞቅ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ብልሽት አይደለም። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። 80 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሄድ ከ1 ሊትር በላይ ይጨምራል፤ ያ ትርፍ በቫልቩ ካልወጣ ጋኑን ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ግማሽ ጣሳው ብቻውን አያስፈርድበትም። ሁለተኛው ቦታ ሽቦዎቹ የሚገቡበት ክዳን ዙሪያ ነው። እዚያ ከሆነ የጎማ ቀለበቱ ደርቋል ማለት ነው፤ ርካሽ ጥገና ነው። ሦስተኛው ከቆርቆሮ ሽፋኑ መገጣጠሚያ ነው። ከዚያ ዝገት ይዞ የሚወጣ ከሆነ የውስጡ ጋን ተበልቷል። የተበላ ጋን አይበየድም። የውስጥ ሽፋኑ እንደ ሸክላ የተጋገረ ስለሆነ ብየዳው ራሱ ያረግፈዋል። "እበይድልሻለሁ" ለሚልሽ ገንዘብሽን አትስጪ።

ለመለየት ዛሬ ማታ እንደጠፋ ሥሩን በጨርቅ አድርቂው። ከቫልቩም፣ ከክዳኑም፣ ከመገጣጠሚያውም በታች የሚያርፍ ደረቅ ጋዜጣ አንጥፊ። ጠዋት የረጠበው ቦታ ይነግርሻል።

የሻይ መልኩን ደግሞ እንዲህ ፈትሺው። አንድ ባልዲ ከቀዝቃዛው፣ አንድ ባልዲ ከሙቁ ቅጂ። ሁለቱም ከደፈረሱ ችግሩ የቤቱ ብረት ቧንቧ ነው፣ ወይም ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ የገባ ድፍርስ ነው። ሙቁ ብቻ ከሆነ ቦይለሩ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጋኑ ውስጥ የማግኒዥየም ዘንግ አለ። ዝገቱ ጋኑን ትቶ እሱን እንዲበላ የተቀመጠ ነው። በየሁለት ዓመቱ ታይቶ ካለቀ መቀየር ነበረበት። እኔ የምከፍታቸው ቦይለሮች አብዛኞቹ ዘንጉ አልቆ ሽቦው ብቻ ቀርቶ ነው የማገኛቸው። ሬዚስታንሱም ነጭ ድንጋይ ለብሶ ይወጣል። የከተማችን ውሃ ከጣና የሚመጣ የሚመስለው ብዙ ነው፤ የሚመጣው ግን ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ስለሆነ የድንጋዩን ማዕድን ይዞ ነው።

መልስ፦ እመ ብርሃን

እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። የኛም ዕድሜው እንዳንቺው ነበር። ሬዚስታንስና ቴርሞስታት አስቀየርኩ። በሦስተኛው ወር ጋኑ ተቀዶ የመታጠቢያ ቤቱን ኮርኒስ ጣለው። ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ጋኑን ሳታውቂ አትጠግኚ።

መልስ፦ የዲያስፖራ ሰፈር ልጅ

ከቀየርሽ አይቀር ለምን ሶላር አታስቢም? እኛ ባለ 200 ሊትር አስገጥመናል፣ በበጋ የቦይለር መብራት አንከፍልም። ሐምሌና ነሐሴ ግን ደመናው ስለሚበዛ በኤሌክትሪክ የሚያግዝ ዓይነት መሆን አለበት። ሮቶሽ ከሶላሩ ጋን ከፍ ማለት አለበት። ውሃ ሲጠፋም ተጠንቀቂ። ባለ መስታወት ቱቦው ባዶውን ፀሐይ ላይ ቆይቶ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ከገባበት ይሰነጠቃል። የኛ ሁለት ቱቦ የሄደው እንዲህ ነው።

የአባይ ማዶዋ

ያላችሁኝን አደረግሁ። ከቫልቩ በታች ያለው ጋዜጣ ደረቅ ነው። ከመገጣጠሚያው በታች ያለው ግን እንደ ሳህን ክብ ሆኖ ረጥቧል፣ ጠርዙ ዝገት ቀለም ይዟል። ቀዝቃዛው ባልዲ ጥርት ያለ ነው፣ የሙቁ ሥር ላይ ቡናማ አተላ ዘቅጧል። እንግዲህ ጋኑ ነው፤ እቀይራለሁ። ሶላሩን ወድጄው ነበር፣ ግን ሮቶአችን መሬት ላይ ነው። ማማው ሲሠራ እናቴ ወር ትጠብቃለች። 80 ሊትር ይሻላል ወይስ 50?

ቧንቧ ሰራተኛ ከሽምብጥ

ለሁለት ሰው 50 በቂ ነው። በ1500 ዋት 80 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለመድረስ 2 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ 50 ሊትሩ 1 ሰዓት ተኩል ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከመግዛትሽ በፊት ዘንጉና የጎማ ቀለበቱ መለዋወጫ እዚሁ ከተማ መገኘቱን ጠይቂ። አሮጌውን ሴፍቲ ቫልቭ አታስገጥሚ፣ አዲስ ይሁን። ቦይለሩ ከውሃ መግቢያው በፊት የራሱ መዝጊያ ይኑረው። ውሃ ሲጠፋ ብሬከሩን አጥፊ፤ ባዶ ጋን ውስጥ የበራ ሬዚስታንስ ወዲያው ነው የሚቃጠለው።

ጡረተኛው ኤሌክትሪሻን

የመሬት ሽቦው ሳይታሰር ብሬከሩን እንዳያበሩት። ሽቦው የሚታሰርበት የብረት ዘንግ ግቢው ውስጥ መሬት ይቀበር፣ ኤሌክትሪክ ሲሾልክ ራሱ የሚጠፋ ብሬከርም ይጨመር። ሠራተኛው "ሌላ ቀን" ካለ ገንዘቡን ያዢበት።

የአባይ ማዶዋ

ትናንት ተገጠመ። የመሬት ሽቦውን ዘንግ ግቢው ውስጥ ጌሾው ሥር ቀበሩት። ሠራተኛው በመለኪያ እያሳየኝ ነው የጨረሰው። እናቴ ዛሬ ጠዋት ስትገባ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። "ምነው ቆምሽ?" አለችኝ፤ ሩቢኔቶውን ይዛ ነበር። ጋሼ፣ ስምዎን ጠርታ መርቃዎታለች።