ድንኳኑ ወድቆ አክስቴ እጃቸው ተሰበረ፤ ተጠያቂው ማን ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጭንቅ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜን ምርቃት ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ጊቢ ደግሰን ነበር። ስሙን አልጠራም። ድንኳኑም ወንበሩም ከጊቢው ኪራይ ጋር ነው። ግማሹን በቀብድ፣ ቀሪውን የዕለቱ ጠዋት ከፍያለሁ። እንግዳው ወደ 120 ሰው ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። አንድ አስተናጋጅ መጥቶ «እህቴ፣ ይሄ ዝናብ ቀላል አይደለም፣ ወደ አዳራሹ ብትገቡ ይሻላል» አለኝ። እኔ ደግሞ «ኬኩ ይቆረስና» አልኩት። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደ። የድንኳኑ ሸራ መሃሉ ላይ ውሃ ቋጥሮ ሆዱ ተነፋ። አንድ ልጅ በመጥረጊያ እንጨት ከታች እየገፋ ሊያፈሰው ሞከረ። ከዚያ ነፋሱ በጎን ገባ። በስተግራ ያለው ምሰሶ ከመሬት ተነሳና ወደቀ። በኋላ ሳየው ገመዱ የታሰረው በአበባ ማሰሮ ላይ ነበር። ማሰሮው እስከ ምንጣፉ ድረስ ተጎትቷል።

አክስቴ 61 ዓመታቸው ነው። ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ምሰሶው እጃቸው ላይ ወደቀ፣ አንጓቸው ተሰበረ። ጀሶ ታስሮላቸዋል። የዲጄውም ሳውንድ ሲስተም ውሃ ገብቶበት አልሠራ ብሏል፤ እሱም ገንዘቡን ከእኔ እየጠየቀ ነው።

የጊቢው ሥራ አስኪያጅ «የእግዜር ሥራ ነው፣ እኛ ምን እናድርግ? ደግሞስ ነግረናችሁ ነበር» አለኝ። የፈረምኩት ወረቀት ላይም «በአየር ሁኔታ ለሚደርስ ጉዳት ድርጅቱ ተጠያቂ አይደለም» የሚል አለ። እውነት ለመናገር እኔም ጥፋት እንዳለብኝ ይሰማኛል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ይሄ ነገር በሕግ እንዴት ነው የሚታየው?

ልደታ ችሎት አካባቢ የምሠራ፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ አክስትሽን እግዜር ይማራቸው። ነገሩን ለያይተን እንየው።

«የእግዜር ሥራ» የሚሉት በሕጉ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» ይባላል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1792 ላይ አለ። ባለዕዳው፣ ማለትም በውሉ ግዴታ የገባው ወገን፣ በተለምዶ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችል ድንገተኛ ነገር መጥቶ፣ ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ ሲከለክለው ነው። ቁጥር 1793 የመሬት መንቀጥቀጥን፣ መብረቅን፣ የውሃ መጥለቅለቅን በምሳሌነት ይጠራል። ግን አስቢው። አዲስ አበባ ውስጥ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ዶፍ መውረዱን አስቀድሞ ማሰብ የማይችል ማን አለ? ጊቢው ድንኳን የተከለው እኮ ዝናብ እንደሚመጣ ስላወቀ ነው። ዝናቡን ማንም አያቆምም። የገመዱ አስተሳሰር ግን የሰው ሥራ ነው። እኔ ብሆን ክርክሬን የማቆመው እዚያ ማሰሮ ላይ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። አክስትሽ አልፈረሙም። ውል የሚያስረው ተዋዋዮቹን ነው። እሳቸው የሚጠይቁት በውል ሳይሆን ከውል ውጭ በሚመጣ ኃላፊነት ነው። ቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ጉዳቱን ይክሳል ይላል። ጥፋት ሲባል የግድ ሆን ብሎ መሆን የለበትም። ቸልተኝነትም ጥፋት ነው።

«ነግረናችሁ ነበር» ያሉት ግን ባዶ ነገር አይደለም። ቁጥር 2098 ተጎጂው ራሱ በከፊል ጥፋት ካለበት ካሳው ይቀነሳል ይላል። የማን ጥፋት ምን ያህል ለጉዳቱ ምክንያት ሆነ የሚለውን ዳኛው ይመዝናል። አሁን እስኪ መልሺልኝ፤ አስተናጋጁ የተናገረው ለአንቺ ብቻ ነው ወይስ አክስትሽም ሰምተዋል?

ጠያቂ፦
ለእኔ ብቻ ነው። አክስቴ ከእኔ አሥር ሜትር ያህል ይርቃሉ፣ ሙዚቃም ነበር። ምንም አልሰሙም።

ልደታ ችሎት አካባቢ የምሠራ፦
እንግዲያው ያልሰሙት ማስጠንቀቂያ የእሳቸው ጥፋት ሊሆን አይችልም። የአንቺ «ኬኩ ይቆረስና» ማለት አንቺን ሊመለከት ይችላል። ይሄን ልደብቅሽ አልፈልግም። ጊቢው «ደጋሽዋም አጥፍታለች» ብሎ ወደ ክርክሩ ሊያስገባሽ ይችላል። ቢሆንም በእኔ እይታ ትልቁ ጥፋት ድንኳኑን የተከለው ጋ ነው።

ጊዜውንም እወቂ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ቁጥር 2143። ብዙ ሰው «በሽምግልና እንጨርሳለን» እያለ ይቺ ሁለት ዓመት ታልፍበታለች።

ድንኳን በመትከል የምተዳደር፦
ሥራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። በአበባ ማሰሮ የታሰረ ድንኳን እኛ ዘንድ ድንኳን አይባልም። ሣር ወይም አፈር ላይ ከሆነ ካስማው በደንብ ጠልቆ ይመታል። ታይል ወይም ሲሚንቶ ላይ ካስማ አይገባም፤ ስለዚህ ክብደት ያስፈልጋል። ብዙዎች 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተው ያስራሉ። ያ እኮ 20 ኪሎ ነው። ነፋስ በሥር ሲገባ ትልቅ ድንኳን እንደ ጃንጥላ ነው የሚነሳው። 20 ኪሎ ምኑን ይይዘዋል? እኛ በርሜል ነው የምንጠቀመው፣ እሱንም ጢም ብሎ ሞልቶ። ለትልልቁ የሲሚንቶ ብሎክ እናመጣለን።

ያ ሆዱ የተነፋው ሸራ ደግሞ ሁለተኛው ጥፋት ነው። ሸራው ሲላላ ውሃ ይቋጥራል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ቦታ አሥር ሴንቲሜትር ውሃ ቢይዝ 400 ሊትር ነው። አራት ኩንታል ጤፍ ጣሪያው ላይ እንደመጫን ቁጠሪው። ልጁ በመጥረጊያ ሲገፋ ከሥሩ መቆሙ ራሱ አደጋ ነው። ተርፎ ከሆነ ተመስገን። ውሃ መቋጠር ሲጀምር ሰው ከሥሩ ይወጣል፣ ከዚያ ሸራው ይወጠራል። ሌላ መፍትሔ የለውም።

አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ድንኳኑን የራሳቸው ሠራተኛ ነው የተከለው ወይስ ከውጭ አከራይ አምጥተው? ከውጭ ከሆነ ሌላ ተጠያቂ ሊኖር ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። እኛ ደጋሾችና እንግዶች የራሳችንን ድርሻ እንዘነጋለን። ደመራ ለማየት መስቀል አደባባይ ስሄድ ጃንጥላ ይዤ ነው የምሄደው። ዝናብ ቢደበድበኝ ማንን ልከስ? ማንንም። ሜዳ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። በ2015 ሰኔ ኮሎራዶ ሬድ ሮክስ በሚባል ክፍት የሙዚቃ ቦታ ላይ በረዶ ወርዶ ወደ 90 ሰው ተጎድቷል፣ ሰባቱ ሆስፒታል ገብተዋል። ያኔም «ክፍት ቦታ መሆኑን እያወቃችሁ ሄዳችሁ» የሚልና «ለምን ቶሎ አላስወጣችኋቸውም» የሚል ክርክር ነበር። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ስለዚህ በእኛ በኩል ያለውን እናድርግ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ ድንኳን ሥር አትቁሙ። ድንኳን ከመብረቅ አያስጥልም። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪመጣ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሳትቆጥሩ ከሰማችሁት ቤት ውስጥ ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ። እኔ ለልጆቼ ያስተማርኳቸው ይሄን ነው።

ልደታ ችሎት አካባቢ የምሠራ፦
ወንድሜ፣ ደመራና የተከፈለበት ድንኳን አንድ አይደሉም። አደባባይ ላይ ዝናብ እንዳይነካህ ቃል የገባልህ የለም። እዚህ ግን ገንዘብ ተቀብሎ «ከዝናብ የሚከልል ድንኳን» ያቀረበ አለ። ሰው ከድንኳን ሥር የሚቀመጠው እኮ አምኖ ነው። እህታችን ብትረጥብ ኖሮ እኔም «ጃንጥላ ያዢ» እላት ነበር። የወደቀው ግን ዝናብ አይደለም፣ ምሰሶ ነው። የመብረቁ ምክርህ ግን ወርቅ ነው።

ነርስ ነኝ፦
ስለ ካሳው እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ስለ አክስትሽ ልናገር። በዚያ ዕድሜ አንጓ ሲሰበር ጣቶቻቸው እንዳይደርቁ ጀሶው ውስጥ ሆነውም ያንቀሳቅሷቸው። ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ ከባሰ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ውሰዷቸው። የሕክምና ማስረጃቸውን፣ ኤክስሬያቸውን፣ የመድኃኒቱን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፖስታ አስቀምጪ። የታክሲውንም ሳይቀር ጻፊው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ደግሞ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ይቻላል። ሰው ተደናግጦ በግል መኪና አጣጥፎ ሲወስድ ስብራቱን ያብሰዋል።

ድግስ አዘጋጅ፦
አሥር ዓመት ሆኖኛል በዚህ ሥራ። የእኔ ሐሳብ የሚያርፈው አስተናጋጁ ላይ ነው። ያ ልጅ አደጋውን አይቷል። ግን ማዘዝ አይችልም። «ብትገቡ ይሻላል» ነው ያለው። «ተነሱ፣ ግቡ» ማለት የሚችለው ማን ነበር? ሥራ አስኪያጁ የት ነበር? አዳራሹስ 120 ሰው ይይዛል?

አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ በ2003 ነሐሴ ላይ አንድ ትልቅ መድረክ ከማዕበሉ ቀድሞ በመጣ ነፋስ ወድቆ ሰባት ሰው ሞቷል። ኃላፊዎቹ ሕዝቡን እንበትን ወይስ እንጠብቅ እያሉ ሲመካከሩ ነው የወደቀው። በኋላ ሲመረመር የመድረኩ መወጠሪያ ገመዶች የታሰሩባቸው የሲሚንቶ ብሎኮች ተንሸራተው እንደነበር ታወቀ። የማስወጣቱ ሥልጣን የማን እንደሆነም በግልጽ አልተወሰነም ነበር። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ውሌን ቀይሬያለሁ። አሁን አንድ ሰው በስም ይጻፋል፤ እሱ «ይበቃል» ካለ ዲጄው ሙዚቃውን ያጠፋል፣ ሰው ይገባል። ደጋሹም ሊከራከረው አይችልም። ኬክ ኋላም ይቆረሳል።

እህቴ፣ አንቺ የዚያን ዕለት ደጋሽ ነበርሽ፣ ልብሽ እንግዳው ጋ ነበር። እንዲህ ያለ ውሳኔ አንቺ ላይ መጣል አልነበረበትም። ራስሽን አትብዪ።

ጠያቂ፦
እያነበብኩ አለቀስኩ። አዳራሹ 60 ሰው ነው የሚይዘው፣ ወንበርም አልተደረደረበትም ነበር። ድንኳኑን የራሳቸው ሠራተኞች ናቸው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የተከሉት። የአጎቴ ልጅ ቪዲዮ ሲቀርጽ ነበር፤ ማሰሮውም ገመዱም ይታያል። የዲጄውን ነገር ግን አልነገራችሁኝም።

ልደታ ችሎት አካባቢ የምሠራ፦
ቪዲዮውን ሳትቆርጪ፣ ሳታሳምሪ ሁለት ቦታ አስቀምጪው። ያዩ ሰዎች ስምና ስልክ ዛሬውኑ መዝግቢ፤ ከወር በኋላ ሰው ይረሳል።

የዲጄው ነገር ከአንቺ ጋር ባለው ስምምነት ይወሰናል። ዕቃው ቢበላሽ እከፍላለሁ ብለሽ ካልተስማማሽ በቀር ዝም ብለሽ አትክፈይ። ዕቃውን ያበላሸው የድንኳኑ መውደቅ ከሆነ እሱም እንደ አክስትሽ ጊቢውን መጠየቅ ይችላል። ውሃው የገባበት ድንኳኑ ከመውደቁ በፊት ሳይሸፍነው ቀርቶ ከሆነ ግን የራሱም ድርሻ አለበት። ቪዲዮው ላይ ሰዓቱን እዩት።

አሁን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጪያቸው። አጭር ይሁን። በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ድንኳኑ ወደቀ፣ ገመዱ በአበባ ማሰሮ ታስሮ ነበር፣ እኚህ ሰው ተጎዱ፣ እስካሁን ይህን ያህል ወጪ ወጣ፣ በ15 ቀን ውስጥ መልስ እንጠብቃለን። ስድብም ልመናም አይግባበት። የአክስትሽን ጥያቄ እሳቸው ይፈርሙበት፣ የአንቺን አንቺ። ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብለው እንዲፈርሙልሽ አድርጊ። እምቢ ካሉ በሪኮማንዴ በፖስታ ቤት ላኪው። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካነሰ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው።

ሽምግልናም ጥሩ ነው፣ አልከለክልሽም። ግን የተስማማችሁበት በጽሑፍ ይሁን። አክስትሽ ታክመው ሳይጨርሱ «ሁሉም አልቋል» የሚል ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ። እጃቸው እንደገና ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው መመለሻ የለም።

ጠያቂ፦
ዛሬ ከአጎቴና ከሰፈራችን ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄድን። ማስጠንቀቂያውን በእጃቸው ሰጠሁ፣ ፈርመው ተቀበሉ። ቪዲዮውን ሲያዩ ሥራ አስኪያጁ ዝም አለ። እስካሁን ያለውን የሕክምና ወጪ እንከፍላለን ብለዋል፣ በጽሑፍ። የቀረውን ጀሶው ከተፈታ በኋላ እንነጋገራለን። አጎቴ ስንወጣ ጊቢውን ዞር ብሎ አየና «ነገ ሠርግ አለባችሁ መሰለኝ» አላቸው። ድንኳኑ ተተክሏል። ገመዱ አሁንም ማሰሮ ላይ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ገቡና በርሜል መጥቶ ውሃ እስኪሞላ ድረስ ቆመው ጠበቁ።