የጂፒ ቀጠሮ ይዞ የቀረ ሰው ገንዘብ ይቀጣ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬውን ጥያቄ ያስነሳው አንድ አባላችን የላከልን ፎቶ ነው። እንግሊዝ አገር ያለው ጂፒው (የተመዘገበበት የሰፈር ሐኪም ቤት) ግድግዳ ላይ «ባለፈው ወር ይህን ያህል ሰው ቀጠሮ ይዞ ቀርቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ታስታውሱ እንደሆነ ሪሺ ሱናክ በ2022 ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲወዳደሩ፣ አንዴ ቀርቶ ይቅር የተባለ ሰው ሲደግመው 10 ፓውንድ ይቀጣ ብለው ነበር። ሥልጣን ሲይዙ ተዉት። ጥያቄው ግን እስካሁን አልሞተም። ይቀጣ ወይስ አይቀጣ? (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ነው።) ስድብ የለም።

ባለታክሲው፣ ሎንዶን፦ ይቀጣ! እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን መኪናዬን ጥግ አስይዤ እደውላለሁ። ማሽኑ «ከፊትዎ ይህን ያህል ሰው አለ» ይለኛል። ሙዚቃ ሰምቼ ሰምቼ ሲደርሰኝ «የዛሬው አልቋል፣ ነገ ይሞክሩ» ይሉኛል። አልቋል ከተባለው ውስጥ ስንቱ ይሆን ባዶ ወንበር? ኤን ኤች ኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎቱ) ራሱ በ2019 እንዳወጣው በዓመት ከ15 ሚሊዮን በላይ የጂፒ ቀጠሮ ሰው ሳይመጣ ይባክናል። አገር ቤት ጤና ጣቢያ ገንዘብ ከፍሎ ካርድ ያወጣ ሰው ትቶት ይሄዳል? ነፃ ሲሆን ነው የምንንቀው።

ሪሴፕሽን ነኝ፣ ሊድስ፦ ወንድሜ፣ አንተ የምትደውልለት ስልክ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ንዴትህ ይገባኛል። ግን የቀረ ሰው ሁሉ ባዶ ወንበር አይደለም። ለአንድ ሰው የሚሰጠው 10 ደቂቃ ገደማ ነው። አራት ሰዓት ሳይሞላ ዶክተሮቹ ሁሉ ወደኋላ ቀርተዋል። አንድ ሰው ሲቀር ነው የደም ውጤት የሚያዩት፣ መድኃኒት የሚያድሱት፣ ሽንት ቤት የሚሄዱት። እኔ ቀጠሮ መቅረት ጥሩ ነው አልልም። ሁሉም ሰው ቢመጣ ግን የአንተ ወረፋ ያጥራል ብለህ ብዙ ተስፋ አታድርግ።

ሌላው ደግሞ፣ ያንን 10 ፓውንድ ማን ነው የሚሰበስበው? እኔው ነኛ! አሁንም በመስኮቱ በኩል የምሰማው ይበቃኛል። ጂፒ በአብዛኛው የሚከፈለው በተመዘገበ ሰው ልክ ነው እንጂ በአንድ አንድ ጉብኝት አይደለም። ሒሳብ መቀበያ ማሽን የሌለው ጂፒ ብዙ ነው። የሐኪሞቹ ማኅበር ራሱ ያኔ ሐሳቡን ተቃውሟል።

ከፍራንክፈርት፦ እኛ ጋ ተሞክሯል፣ ልንገራችሁ። ቅጣት አልነበረም፤ ሐኪም ጋ ለመግባት በየሦስት ወሩ 10 ዩሮ ነበር የምንከፍለው። በ2004 ተጀመረ። ሐኪሞቹ ገንዘብ ያዥ ሆኑ፤ ወረቀቱ ራሱ በሽታ ሆነ። በ2012 መጨረሻ ፓርላማው በሙሉ ድምፅ ሻረው። በሙሉ ድምፅ! እነዚያ ሰዎች በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም።

አስተርጓሚዋ፣ ሼፊልድ፦ ሁላችሁም «የቀረ ሰው» ትላላችሁ። ማን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። ሥራዬ ስለሆነ ጥቂቶቹን አውቃቸዋለሁ።

አንዱ የመጣ በዓመቱ ነው። ቀጠሮው 10:00 ይላል። እሱ አስር ሰዓት ብሎ ከሰዓት በኋላ የክት ልብሱን ለብሶ ደረሰ። ስድስት ሰዓት ዘግይቶ! መዝገቡ ላይ «አልመጣም» ተብሎ ተጻፈ። ሌላዋ ጥገኝነት ጠያቂ ናት። ከሆቴሉ አንስተው ሌላ ከተማ ወሰዷት፤ ደብዳቤው የደረሰው አሮጌው ሆቴል ነው። ምግብ በሚያቀርብ ሆቴል ያለ ሰው በሳምንት የሚሰጠው ገንዘብ 10 ፓውንድ እንኳ ሳይሞላ ነው የቆየው። ሳምንቱን ሙሉ ቀምታችሁ ምን ልታስተምሩት ነው?

ሦስተኛዋን ግን አልረሳትም። እኔ የተጠራሁት ኋላ በተያዘላት ቀጠሮ ነው። በመጀመሪያው ያስተረጎመላት ትንሽ ወንድ ልጇ ነበር። እናትየው የምትለው ነገር ለልጅ የሚነገር አይደለም። ልጁ ደግሞ አፍሮ «ሆዷን ያማታል» ብሎ አለፈው። ዶክተሩ የሆድ መድኃኒት ጽፎ ሸኛት። ያመማት ሆዷን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀጠሮ ሆን ብላ ቀረች፤ ልጇን ይዛ መመለስ አልቻለችም። እሷም «የቀረች» ተብላ ተቆጥራለች።

የኤን ኤች ኤስ መመሪያ ግልጽ ነው። አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል፤ ሰዓቱም እጥፍ እንዲሆን ይመክራል። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲያስተረጉም አይፈቅድም። በተግባር ግን «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይዘው ይምጡ» የሚባለው ስንት ቦታ ነው! ለመመዝገብም እንዲሁ። ፓስፖርትም የአድራሻ ማስረጃም የግድ አይደለም፤ የመኖሪያ ፈቃድም አያስፈልግም። መብራትና ውኃ ቢል አምጣ ተብሎ የተመለሰ ሰው ግን ሞልቷል። እነሱ መብቱን ሲያጓድሉ ማን ይቀጣቸዋል?

ባለታክሲው፦ እህቴ፣ አዲስ ገቢውን ማን ነካው? እኔ የምለው ሃያ ዓመት የኖረውን ነው። እንግሊዝኛው እንደ ውኃ የሚፈስ፣ ስልኩ ከእጁ የማይለየውን። ቀጠሮ ይዞ አዲስ አበባ ይበርራል፤ አልመጣም ብሎ አንዲት ሜሴጅ አይልክም። መብት መብት ስንል ግዴታውን ዋጥነው።

ሪሴፕሽን ነኝ፦ እዚህ ላይ ከባለታክሲው ጋር ነኝ። የእኛን ሰው ስለማውቅ ነው የምናገረው። ለራሷ አንድ ቀጠሮ ይዛ «እግረ መንገድሽን ሦስቱንም ልጆች እይልኝ» የምትል አለች። የራሱን አንቲባዮቲክ ለጎረቤት አካፍሎ «ጨረስኩ፣ ድገሙልኝ» የሚልም አለ። ጩኸቱንማ ተዉት።

የኤን ኤች ኤስ ሕገ ደንብ ከ2009 ጀምሮ መብትና ኃላፊነትን አብሮ ነው የጻፈው። ቀጠሮህን አክብር፣ ካልቻልክ በጊዜ ሰርዝ፣ ሠራተኛውን አክብር ይላል። የገንዘብ ቅጣት የለውም። ግን ጭራሽ ቅጣት የለም አትበሉ። የደበደበ ወይም የዛተ ሰው ፖሊስ ተጠርቶበት ወዲያው ከጂፒው የታካሚዎች ዝርዝር ይወጣል። ለሌላው ጥፋት ማስጠንቀቂያ ይላካል፤ በ12 ወር ውስጥ ከደገመው ሊሰናበት ይችላል። በዘሩ ወይም በበሽታው ምክንያት ግን ማንንም ማስወጣት አይቻልም።

ተማሪ፣ በርሚንግሃም፦ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቀጠሮ ለመሰረዝ የምንደውለውም እዚያው ባለወረፋ ስልክ ላይ ነው አይደል? እናቴ ለመሰረዝ ያን ሁሉ ሙዚቃ ሰምታ ደክሟት ዘጋችው። «ቀረች» ተባለች።

ሪሴፕሽን ነኝ፦ እውነትሽን ነው፣ ይህ የእኛ ጥፋት ነው። እኛ ጋ አሁን በሜሴጅ ይሰረዛል። አንዳንዱ ጂፒ ግን ገና ነው። በኤን ኤች ኤስ የስልክ መተግበሪያ የሚሰርዝም አለ።

ባለታክሲው፦ ኦንላይን ጥያቄ መላኪያውስ? ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ክፍት መሆን አለበት ተብሎ የለ?

ሪሴፕሽን ነኝ፦ አዎ፣ እንግሊዝ ውስጥ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል። አስቸኳይ ላልሆነ ጥያቄ።

አስተርጓሚዋ፦ ቅጹ ግን አብዛኛው ቦታ በእንግሊዝኛ ነው። ለአንተ መንገድ ከፈተ፤ ለእነሱ አንድ በር ጨመረባቸው።

ባለታክሲው፦ እሺ፣ 10 ፓውንዱን ተውኩት። ሪሴፕሽኗ አሳዘነችኝ። ግን ያለ ምክንያት ደጋግሞ የቀረ ማስጠንቀቂያ ይጻፍለት፣ ካልሰማ ከዝርዝር ይውጣ። ሕጉ ካለ ይሠራበት።

አስተርጓሚዋ፦ ከዝርዝር ሲወጣ በሽታው አብሮት አይወጣም እኮ። ወይ ሌላ ጂፒ ጋ ይሄዳል፣ ወይ ኤ ኤንድ ኢ (የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል) ተሰልፎ ያድራል። ያ ደግሞ ለአገሩም ይብሳል። ማስጠንቀቂያው ይጻፍ፣ እኔም እስማማለሁ። ግን ከመጻፉ በፊት አንድ ሰው ይደውልለት፤ በሚሰማው ቋንቋ። ሳይደወል የተጻፈውን ግን እኔ አልቀበልም።

ባለታክሲው፦ ለሁሉም ይደወል? ለዚያኛው ሃያ ዓመት ለኖረውም?

አስተርጓሚዋ፦ ለእሱ በእንግሊዝኛ ደውሉለት።

ባለታክሲው፦ አያነሳም!

ሪሴፕሽን ነኝ፦ ካላነሳማ ደብዳቤውን እኔው እጽፍለታለሁ፤ በደስታ።

አስተርጓሚዋ፦ ለሱ ጻፊ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ስትመዘገቡ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብላችሁ መዝገባችሁ ላይ አስጽፉ። ትግርኛም ኦሮምኛም እንዲሁ። እምቢ ካሏችሁ መጀመሪያ አቤት የሚባለው ለጂፒው ኃላፊ ነው፤ ነገሩ ከደረሰ ጀምሮ ባለው 12 ወር ውስጥ። በዚያ ካልረካችሁ የፓርላማው እንባ ጠባቂ አለ። አቤቱታ አቀረባችሁ ተብሎ ከዝርዝር መውጣት የለም።